የማር ጠብታና የወፍጮ ድምፅ
የውስጥ ሰላም ፍለጋ ከሕንድ እስከ ቤተ አማራ

የአንድ ሕዝብ የመንፈስ ታሪክ ከሚነበብባቸው ሰነዶች አንዱ የቦታ ስም ነው። ንጉሥ ይሻራል፤ ግንብ ይፈርሳል፤ ብራና ይቃጠላል፤ ስም ግን ከእረኛ ወደ እረኛ እየተላለፈ ይኖራል። ከደሴ በስተምዕራብ፣ አቀስታን አልፎ፣ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ትባላለች፤ በግዕዝ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። በዚያው በደቡብ ወሎ ቱሉ አውሊያ የተባለች ሌላ ከተማ አለች፤ ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ፣ አውሊያ ደግሞ በዐረብኛ የፈጣሪ ወዳጆች፣ ማለት ወሊዮች ናቸው። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች ይማራሉ። የሰላም ስፍራና የወሊዮች ኮረብታ፤ ሦስት ቋንቋዎች በሁለት ስሞች ውስጥ ተጋብተው የአንድን ምድር ናፍቆት ይናገራሉ።

ይህ ናፍቆት ምን ነበር? በአባይና በበሽሎ፣ በወለቃም ሸለቆዎች ተከብቦ የኖረው ደገኛ ሕዝብ የውስጥ ሰላም ሲል ምን ማለቱ ነበር? ከዚህም ይበልጥ አከራካሪ የሆነው ጥያቄ፣ ይህ ሰላም ሕዝቡን ያገለገለ ነበር ወይስ ያስተኛው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከሩቅ አገር፣ ከሕንድ የአስተምህሮ ታሪክ ተነሥቶ ወደ ቦረና ተራራ በመመለስ መመርመር ነው። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ያስቀመጥነው እንዲያው ለማነጻጸር ብቻ አይደለም። በመካከላቸው አንድ ምሳሌ በእግሩ ተጉዟል። (በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. የተባሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

፩. ምሳሌው የተጓዘበት መንገድ

ማሃባራታ የተባለው ታላቁ የሕንድ የጀግንነት ግጥም የአንድን ቤተሰብ የእርስ በርስ ጦርነት ይተርካል። ጦርነቱ ሲያበቃ ዐይነ ስውሩ ንጉሥ ድሪታራሽትራ መቶ ልጆቹን አጥቶ ይቀመጣል። ኀዘኑ አላስቀምጥ ባለው ጊዜ፣ ጥበበኛው ወንድሙ ቪዱራ የሚያጽናናበት አንድ ምሳሌ ይነግረዋል። ምሳሌው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው አራዊት በሞሉበት ጫካ ሲሸሽ ሐረግ ከሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ሐረጉ ጠልፎ ያንጠለጥለዋል። ከበታቹ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ከጉድጓዱ አፍ ባለ ስድስት ፊት፣ ባለ ዐሥራ ሁለት እግር ዝሆን ቆሟል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች የዛፉን ሥር ይከረክማሉ። ከዛፉ ላይ ንቦች የሠሩት ማር ይንጠባጠባል፤ ሰውየውም ዘንዶውን፣ ዝሆኑንና አይጦቹን ረስቶ ምላሱን ለጠብታው ይዘረጋል። ዝሆኑ ዓመት ነው፤ ስድስቱ ፊቶች ስድስቱ የሕንድ ወቅቶች፣ እግሮቹም ወሮች ናቸው። አይጦቹ ሌሊትና ቀን ናቸው።

ይህ ምሳሌ ከሕንድ ወጥቶ በምዕራብ በኩል ሲጓዝ ከሌላ ታሪክ ጋር ተጣበቀ፤ ይኸውም ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተዘግቶበት ያደገውና በመጨረሻ ሁሉን ጥሎ የወጣው የልዑሉ የቡድሃ ታሪክ ነው። ታሪኩ በፋርስና በዐረብ ጸሐፊዎች እጅ አለፈ፤ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋዎች የክርስቲያን ልብስ ለበሰ፤ ቦዲሳትቫ የተባለው የማዕረግ ስምም ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ተለዋውጦ ይዋስፍ ሆነ። አስተማሪው ባሕታዊ በራላም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1553 ይህ መጽሐፍ በራላም ወይዋስፍ በሚል ስም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ተርጓሚው እጨጌ እንባቆም ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። እንባቆም በየመን ተወልደው፣ በእስልምና አድገው፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን የተቀበሉና የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። በኢማም አሕመድ ጦርነት ዘመን አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፋቸውን ለኢማሙ የጻፉ ናቸው። በራላምን የተረጎሙት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ጦርነት ከተጎዱት አገሮች መካከል ግንባር ቀደሙ ያኔ ቤተ አማራ ይባል የነበረው፣ የዛሬው ምዕራብ ደቡብ ወሎ የሚገኝበት ምድር ነበር። ዐፄ በእደ ማርያም ያሠሩት አትሮንሰ ማርያምና በዝናው ከሩቅ ይታወቅ የነበረው መካነ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1531 ተቃጥለዋል። እንግዲህ ልጆቹን በጦርነት ያጣ ንጉሥ እንዲጽናና የተነገረው የሕንድ ምሳሌ፣ ብዙ ቋንቋዎችን አቋርጦ፣ አብያተ ክርስቲያኗ ወደ ዐመድ ወደ ተለወጠባት አገር ደረሰ። አንድ ባህል ከሌላው የሚዋሰው የሚያስፈልገውን ነው።

፪. ቀንበሩና ሠረገላው

ሕንዶች የውስጥ ሰላምን የሚሹበትን መንገድ ዮጋ ይሉታል። ቃሉ የወጣው መጥመድ፣ ማጣመር የሚል ትርጉም ካለው የሳንስክሪት ግሥ ነው። የቦረና ገበሬ ቃሉን በትርጉሙ ቢሰማው አይደንቀውም። ሁለት በሬዎች አንዱ ወደ ገደሉ፣ ሌላው ወደ ሣሩ ሲስብ ትልሙ እንደማይቀና፣ በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ግን ያው ጉልበታቸው እርሻ እንደሚሆን ያውቃልና። የሕንድ ሊቃውንት ይህንኑ ስለ ሕሊና ተናገሩ። ካታ የተባለው ኡፓኒሻድ ሥጋን በሠረገላ፣ ስሜቶችን በፈረሶች፣ ሐሳብን በልጓም፣ ማስተዋልን በነጂ፣ ነፍስንም በሠረገላው ባለቤት ይመስላል። ፈረሶቹ መገደል የለባቸውም፤ መገራት ነው ያለባቸው።

ባጋቫድ ጊታ የተባለው የማሃባራታ ክፍል በስድስተኛው ምዕራፉ የተመስጦን አቀማመጥ ያስተምራል፤ ንጹሕ ስፍራ፣ ቀጥ ያለ ወገብና አንገት፣ የረጋ ዐይን፣ በምግብና በእንቅልፍ ልክ መኖር። ተማሪው አርጁና ግን ያማርራል፤ ሐሳብን መያዝ ነፋስን እንደ መያዝ ሆነብኝ ይላል። መምህሩ ክሪሽና አይቆጣውም። ነገሩ አስቸጋሪ መሆኑን አምኖ፣ በልምምድና ከጥቅም ፍለጋ በመላቀቅ ግን እንደሚቻል ይመልስለታል። ፓታንጃሊ የተባለው ሊቅ ደግሞ መንገዱን በስምንት ደረጃ አዘጋጅቶታል። ዛሬ በየከተማው ዮጋ ተብሎ የሚታወቀው የሰውነት አቀማመጥ ከስምንቱ ሦስተኛው ብቻ ነው፤ አራተኛው የትንፋሽ ሥርዓት ነው፤ ስሜትን መሰብሰብ፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ማጽናት፣ ተመስጦና ፍጹም እርጋታ ይከተላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የምግባር ደረጃዎች ናቸው። ከእነርሱም ቀዳሚዎቹ አለመግደልና አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ካወጀ ወዲህ ሦስተኛው ደረጃ በዓለም ናኝቷል፤ የመጀመሪያው ግን በየቦታው እየተዘለለ ነው። እጁ የሰውን እንጀራ የነጠቀ ሰው ወገቡን ቢያቀና፣ ትንፋሹን ቢቆጥር፣ በፓታንጃሊ ትምህርት ገና መንገዱን አልጀመረም።

፫. ወፍጮ ቤት የተቀመጠው ተማሪ

ወደ ቦረና እንመለስ። ከመካነ ሰላም አካባቢ ወደ ጋሥጫ የሚወስደው መንገድ በዐሥራ አራተኛውና በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መካከል ወደ ኖሩት ሊቅ ወደ አባ ጊዮርጊስ ያደርሳል። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የንጉሡን የድንኳን ቤተ ክርስቲያን ከሚያገለግሉት ካህናት ወገን ነበሩ። ልጃቸውን በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወዳደራጁት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰደዷቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው ልጁ ትምህርት አልገባ አላቸው፤ ጓደኞቻቸው ሣቁባቸው፤ የገዳሙን እህል እንዲፈጩ ወፍጮ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹ ዜማውን ሲያንቆረቁሩ እርሳቸው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያሽከረክሩ ዓመታት አለፉ። ገድሉ ከዚያ በኋላ ያለውን በተአምር ይናገራል፤ እመቤታችን የዕውቀት ጽዋ እንዳጠጣቻቸው ይተርካል።

ተአምሩን የሚያምን ይመን፤ የማያምንም በተረቱ ውስጥ ያለውን ማኅበራዊ እውነት አይለፈው። የወፍጮ ሥራ በአገራችን ለሴትና ለአገልጋይ የተተወ፣ የተናቀ፣ ወገብ የሚሰብር ሥራ ነበር። የገድሉ ጸሐፊ የዘመኑን ታላቅ ሊቅ ሊያከብር ሲነሣ ከዙፋን አላስነሣውም፤ ከወፍጮ ሥር አስነሣው። ወፍጮ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። እጅ ይሄዳል ይመለሳል፤ ትንፋሽ ከእጅ ጋር ይስማማል፤ ድምፁ አንድ ነው፤ ሐሳብ በዚያ ድምፅ ላይ እንደ እህሉ ይደቅቃል። የሚፈጩ እናቶቻችን የወፍጮ እንጉርጉሮ ያወጡት በከንቱ አልነበረም።

አባ ጊዮርጊስ ካበረከቷቸው ሥራዎች መካከል መጽሐፈ ሰዓታት፣ አርጋኖንና እ.ኤ.አ. በ1424 የተፈጸመው መጽሐፈ ምስጢር ይገኛሉ። ሰዓታት ቀንና ሌሊቱን በጸሎት የሚከፋፍል ሥርዓት ነው፤ አርጋኖንም ለሳምንቱ ሰባት ቀናት የተመደበ ነው። የሊቁን ሥራ ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ክር እዚህ ላይ ይታያል። የውስጥ ሰላም በአንድ ቀን የሚወርድ መብረቅ አይደለም፤ በተመላለሰ ሰዓት፣ በተደጋገመ ቃል፣ በልምምድ የሚገኝ ነው። አርጁና ለጠየቀው ጥያቄ የጋሥጫው መልስ ይህ ይመስላል።

ይህ ሰው በሰላማቸው ተሸሽገው አልኖሩም። በዐፄ ዳዊት ዘመን በሃይማኖት ክርክር ተነሥተው ተሟገቱ፤ ተከሰሱ፤ ታሰሩ። ከእስር የወጡትም በልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ቀዳማዊ አጭር ዘመን መሆኑ ይተረካል። መጽሐፈ ምስጢርን የጻፉት ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ነው። ዝምታን የሚያውቅ ሰው መቼ መናገር እንዳለበትም ያውቃል።

ገዳማውያኑ ለዚህ ልምምድ የራሳቸው ቃላት አሏቸው፤ አርምሞ፣ ጥሞና፣ ተመስጦ፣ ሱባኤ። ትምህርቱም መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው በሚታወቁት በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ፣ በአማርኛ አንድምታ እየተብራራ ሲሰጥ ኖሯል። ማር ይስሐቅ በሰባተኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ ከዛሬዋ ኳታር አካባቢ የተገኘ የሶርያ ወገን አባት ነው። ሀገር ያጣ፣ ከአንድ ቋንቋ ብቻ የበቀለ ጥበብ እንደሌለ ይህም ራሱ ምስክር ነው።

፬. ሦስት መቁጠሪያዎች

የወሎን ምድር በክርስቲያኑ ገዳም ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ገጽ ዘልሏል። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በደቡብ ወሎ የጀማ ንጉሡ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲሪያን ጠሪቃ ከሚያስተምሩት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። ከዚህና ከመሰሎቹ ማእከሎች ዝክር፣ ሐድራና መንዙማ በሕዝቡ ውስጥ ሥር ሰደዱ። ዝክር ማለት ማስታወስ ነው፤ የፈጣሪን ስም እየደጋገሙ ሐሳብን ከመበተን መሰብሰብ ነው። ለብቻ የሚገለሉበትም ኸልዋ አላቸው። በሐድራ ላይ የድቤው ምት፣ የጭብጨባው ውርርድ፣ የአዝማቹና የተቀባዩ ቅብብል የብዙ ሰዎችን ትንፋሽ አንድ ያደርጋል። ገዳማዊው ብቻውን የሚሻውን እርጋታ ሐድራው በጋራ ይሻዋል። ታሪክ ጸሐፊው ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ስለ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና በሚተርከው መጽሐፍ ይህን ቅርስ ከመረሳት አድነውታል።

ሦስት መቁጠሪያዎችን በሐሳባችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የሕንዱ ባሕታዊ ማላ 108 ፍሬ አለው። የሙስሊሙ ሙስበሃ የፈጣሪን 99 ስሞች ይቆጥራል። የኦርቶዶክሱ መቁጠሪያ 41 ጊዜ ኪራላይሶን ይባልበታል። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ እምነቶቹም ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውን ማደባለቅም ለማንም ክብር አይሆንም። ሕንዱ በውስጡ ያለውን ፍጹም ማንነት ይፈልጋል፤ መነኩሴውና ሱፊው በፈጣሪያቸው ፊት ለመቆም ይሻሉ። ጣት ግን በሦስቱም ላይ አንድ ሥራ ይሠራል። የባዘነውን ልብ ወደ ቤቱ ይመልሳል።

ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን፣ በቅርቡም በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ የሕንድ መምህራን አስተምረዋል። ከእነርሱ ሒሳብና ፊዚክስ ተምረናል። ስለ መቁጠሪያ ግን እነርሱም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅናቸው።

፭. ወቀሳው

አሁን ከባዱን ጥያቄ እናንሣ። የተራበ ሰው ስለ ውስጥ ሰላም ቢሰበክለት ምን ይጠቅመዋል? ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 ሃይማኖትን ከማደንዘዣ ጋር ያመሳሰለበት ገጽ በአገራችን አንድ ትውልድ በቃሉ ይዞት ነበር። በዚያው አንቀጽ ሃይማኖት የተጨቆነ ሰው ምሬት መግለጫ ነው ማለቱን ግን ያስታወሰ ጥቂት ነበር። ግማሹን ይዞ መከራከር ለአማኙም ለከሐዲውም አልበጀም።

ወቀሳው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የመነኩሴው አርምሞ በአንድ በኩል ጸሎት ቢሆን፣ በሌላ በኩል የገዳሙን የጉልት መሬት በሚያርሰው ገባር ላብ ይቀለብ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ጭሰኝነት ከሕግ የጠፋው ከብዙ መቶ ዓመታት ሸክም በኋላ ነው። ሕንድም ውስጥ ነፍስ ሁሉ አንድ ናት የሚለው ትምህርት፣ ሰው የሰውን ጥላ የሚጸየፍበት የዘር ክፍፍል ካለበት አገር አልወጣም ነበር። ከተናቁት ወገን የተወለዱት ዶክተር አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1927 ያንን ክፍፍል የሚያጸናውን የማኑን የሕግ መጽሐፍ በአደባባይ ያቃጠሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም የሚብሰውን በገዛ ምድራችን አይተናል። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስታልቅ ሹማምንቱ ዝም አሉ። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የረሃብተኛውን ፊት ለዓለም እስኪያሳይ ድረስ ዝምታው የመንግሥት ሥራ ሆኖ ቆየ። እንግዲህ በአንድ አገር ሁለት ዓይነት ዝምታ እንደሚኖር እንወቅ። አንደኛው አርምሞ ነው፤ ሰው እውነትን ለመስማት ራሱን ዝም የሚያሰኝበት። ሁለተኛው መሸሸግ ነው፤ ሰው እውነት እንዳይሰማ ሌላውን ዝም የሚያሰኝበት። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በሥራቸው ግን የሌሊትና የቀን ያህል የተራራቁ ናቸው። ካድሬም ይሁን ካህን፣ መምህርም ይሁን ከያኒ፣ የቆመበት ዝምታ የትኛው እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

፮. ከተነሡ በኋላ

ሁለቱን ለመለየት ታሪክ አንድ መስፈርት ይሰጠናል ብለን እናምናለን። መስፈርቱ ሰውየው በተቀመጠበት ጊዜ የተሰማው ደስታ ሳይሆን፣ ከተቀመጠበት ሲነሣ የሚሠራው ሥራ ነው።

ጊታ የተነገረችው በጫካ ሳይሆን በጦር ሜዳ መካከል መሆኑን ልብ እንበል። ክሪሽና አርጁናን ወደ ዋሻ አልላከውም፤ ፍሬውን ለራስህ ሳትመኝ ግዴታህን ፈጽም የሚል ምክር ሰጠው። ማሃትማ ጋንዲ ይህችኑ መጽሐፍ ወደ ጉጅራትኛ ተርጉመው ያሳተሙት ሰላማዊውን የጨው ዘመቻ በጀመሩበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1930 ነው። ጋንዲ ሰኞ ሰኞ አይናገሩም ነበር። ዝም ሲሉ ግን እጃቸው አይቦዝንም፤ የእጅ መሽከርከሪያቸውን ይዘው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። የቅኝ ገዢውን ፋብሪካ ጨርቅ የተቃወመችው ያቺ እንዝርት የጸሎት ዕቃም ነበረች። ሐይቅ ገዳም ውስጥ ወፍጮ ላይ የተቀመጠውን ተማሪ ያስታውሰናል። አንዱ በድንጋይ፣ ሌላው በክር፣ ሁለቱም ሐሳባቸውን ከእጃቸው ጋር ጠምደዋል። ሁለቱም ከዚያ ተነሥተው ከባለ ሥልጣን ፊት ቆመዋል፤ ሁለቱም ታስረዋል።

ወደ ጉድጓዱ ምሳሌ በመጨረሻ እንመለስ። ምሳሌውን ስናነብ ብዙ ጊዜ ዐይናችን በማሩ ላይ ነው፤ ሰውየው በጣፋጭ መታለሉን እናያለን። ቪዱራ ለልጅ አልባው ንጉሥ ማሳየት የፈለገው ግን አይጦቹንም ነው። ነጩና ጥቁሩ ሳያቋርጡ ይከረክማሉ። የመጀመሪያው እርጋታ ይህን ድምፅ ሳይደነግጡ መስማት ነው። ማር የሚልሰው ሰው አይሰማውም፤ በፍርሃት የሚጮኸውም አይሰማውም። ጸጥ ያለ ብቻ ይሰማዋል፤ የሰማም ጊዜ የቀረችውን ቀን በምን እንደሚሞላት ያስባል።

ይህ ለከያኒም ከሩቅ የመጣ ትምህርት አይደለም። ቅኔ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ በየዱሩ ሲቆጥር የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ተዋናይም ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሹን ሲሰበስብ ይህንኑ ያደርጋል። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ የቦረናንና የሳይንትን ወሰን ይዞ ደንቆሮ የተባለ ጥንታዊ ጫካ አለ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይጠለሉበታል። ደንቆሮ የማይሰማ ማለት ነው። ሰው ግን ወደ እንዲህ ያለ ጫካ የሚገባው ለመስማት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ ድረስ በደረሰ ጊዜ የወሎ ሕዝብ ዳግመኛ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ አይተናል። ያን ያየ ሰው መካነ ሰላም የሚለውን ስም ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም አባቶቻችን ለቦታ እንዲህ ያለ ስም ሲሰጡ ሰላም ሞልቶ ስለ ተረፋቸው ነበር ማለት አይቻልም። ስም አንዳንዴ ያለውን ይናገራል፤ አንዳንዴ ደግሞ የጎደለውን በአደራ ያስቀምጣል። አደራው ለእኛ ተላልፏል። ወፍጮው አሁንም እህል ይጠብቃል፤ የሚፈጭም እጅ ይፈልጋል።